ማስተካከያ፦ የባቄላ ሕያው ማዳበሪያ ለሽምብራ አይሆንም

ባለፈው ስለ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ከመዝራት በፊት ዘር ላይ ስለሚታሸውና ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዘው ባክቴሪያ ስጽፍ፣ ለባቄላ የተገዛው ለሽምብራም ለአኩሪ አተርም ያገለግላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በእኔ ቃል ተማምኖ ዘሩን ያሸ ገበሬ ካለ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባክቴሪያው ያገኘው ሥር ላይ ሁሉ አይሰፍርም። ሥሩ ወደ አፈሩ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ያንን የሚለይ ባክቴሪያ ደግሞ የራሱን ምልክት ይመልሳል። ሲግባቡ ቀጭኗ የሥር ፀጉር ተጠምዝዛ ታቅፈዋለች፣ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥሩ ላይ እባጭ የሚወጣው። ካልተግባቡ ድካሙ ከንቱ ነው። ባቄላ፣ አተርና ምስር የሚስማማቸው ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ነው። ለሽምብራ ሜሶራይዞቢየም፣ ለአኩሪ አተር ብራዲራይዞቢየም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሰብል ስም አንብቡ።

ማዳበሪያው መሥራቱን ለማወቅ «እባጭ ካለ ይበቃል» ያልኩትም ጎደሎ ነበር። ሰብሉ ሲያብብ አንድ ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡና እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ከአየር ናይትሮጂን እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እየሠራ አይደለም።

የታሸውን ዘር ጥላ ሥር ማቆየትና ቶሎ መዝራት የሚለው የቀድሞ ምክሬ ግን እንዳለ ነው፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።