ማዳበሪያው ይመስገን

ሱሉልታ ክረምት ሲገባ ጭቃው ሰው አይመርጥም። ኃላፊውንም ጥበቃውንም እኩል ያንሸራትታል። እኔ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር የምሰጋው ለጫማዬ ሳይሆን ለጣሪያዬ ነው። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙን እለፉት፣ እንጀራዬ ነው) «የቤተ መዛግብትና ልዩ ስብስቦች ባለሙያ» የሚል ረጅም መደብ ሰጥቶኛል። መደቡ ረጅም፣ ክፍሏ አጭር። ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥላ ያለችው፣ በፊት መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «አርካይቭ» እላለሁ። «እ... መዝገብ ቤት ነሻ» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ቀጥሎ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ይመጣል።

ምንም አላጠፋሁም። ወድጄ ተምሬ ነው የገባሁት። ደግሞ ዛሬ ልማረር አልመጣሁም፣ ላመሰግን ነው። የእኛን የወረቀት አያያዝ የሚያህል ብልሃት ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም፤ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ ሳያደንቀው መቅረቱ ያሳዝናል።

አዲስ ኃላፊ ሲሾም መጀመሪያ የሚሠራው ምንድን ነው? ዕቅድ ያላችሁ ተሳስታችኋል። ቢሮ ማጽዳት ነው። መጋረጃው ይቀየራል፣ ሶፋው ይቀየራል፣ ከዚያ ዓይን ወደ መደርደሪያው ይዞራል። «ይኼ ሁሉ የማን ቆሻሻ ነው?» ቆሻሻው ቃለ ጉባኤ ነው፣ ውል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተመዘገቡበት ባሕር መዝገብ ነው፣ ፎቶ ነው። ሁለት ማዳበሪያ ይመጣል፣ ሦስተኛ ይጨመራል፣ አፉ በሲባጎ ይታሰራል፣ አለቀ። እስቲ ብልሃቱን አስቡት። የቀድሞው ሰውዬ ምን እንደወሰኑ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ አዲሱ የሚወስኑት ሁሉ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ይሆናል። ተሞክሮ የከሸፈው ፕሮጀክት እንደገና ከዜሮ ይጠናል፣ እንደገና ኮሚቴ ይቋቋምለታል፣ እንደገና አበል ይፈረምበታል። ወረቀት የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ይኼን ሁሉ የሥራ ዕድል ከየት ያመጣል?

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያሉ ሦስት ማዳበሪያዎች ደጅ ወጥተው ቁራሌው እስኪመጣ ዝናብ ሲመታቸው አደሩ። መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ አይደለሁም፣ የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ። አንድ የራሰ ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ማህተም አለበት። ማህተም ያለበት ነገር እንዴት ይጣላል?» እኛ ይኼን ነገር «ምዘና» ብለን ኮርስ ወስደንበታል፤ የትኛው ሰነድ ለዘለዓለም ይቀመጥ፣ የትኛው ጊዜውን ጨርሶ ይወገድ የሚለውን። እሳቸው በማህተም ጨረሱት። ፍጹም ነው አልልም፣ ፎቶ ማህተም የለውምና ያመልጣቸዋል። ግን በዚያ ሁሉ ግቢ ከመጣሉ በፊት የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሙያችን አንድ ሕግ አለው። ሰነዱ ባለቤቱ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ይቆይ ይላል፤ የትኛው ደብዳቤ የትኛውን እንደሚመልስ የሚናገረው አቀማመጡ ነውና። ማዳበሪያም እግዜር ይስጠው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ቀድሞ የተጠላ ከታች። ከላይ ያገኘሁት የእንኳን አደረሳችሁ ካርድና የሻይ ደረሰኝ ነበር። ቃለ ጉባኤው ከሥር ነው፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ቦታ። የስቴፕለር ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል። በጣት ከሳቡት ጥጉን ይዞት ስለሚመጣ ከጀርባ እያቀናሁ አንድ በአንድ አወጣሁት። የራሰ ወረቀት በሁለት ቀን ካልደረቀ ይሻግታል፣ ፀሐይ ላይ ላስጣህ ቢሉት ደግሞ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጠረጴዛውንም ወለሉንም ጋዜጣ አንጥፌ ደረደርኩትና እኔ ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ቬንትሌተር ይገዛልኝ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ጠፍቷል። ቀሪው እኔ ጋ አለ፣ ቁጥር ተሰጥቶት።

የባሱት ሁለት ፎቶዎች ነበሩ። ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። የፎቶ ፊት ጄላቲን ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይላላና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ከሳብኩት የሁለቱም ወገን ፊት ይላጣል። ተውኩት። በአንደኛው ጀርባ በስክሪብቶ «የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል። ይኼን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንዳንዱ ድሮ እንዲህ አልነበርንም ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ድሮ ኋላ ቀር ነበርን። የአባ ገሪማን ወንጌል እዩት። ዓድዋ አጠገብ ካለ ገዳም ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ የካርቦን ምርመራው ደግሞ ብራናውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል። መነኮሳቱ አዳማ ወርደው ወርክሾፕ አልተካፈሉም። በየገዳሙ መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ይከተትና ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አይጥም እርጥበትም አይደርስበትም። የሠራተኛውን ፋይል «ማህደር» የምንለው ቃሉን ከዚያ ወርሰን ነው። ቃሉን አስቀምጠነዋል፣ የጣልነው መስቀያውን ነው።

ስድስት ኪሎ ደግሞ ሌላ ኋላ ቀርነት አለ። ጃንሆይ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየሙን እዚያ ይዞ ተቀምጧል፤ የንጉሡን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ጎብኚ ያየዋል። የእኔም ክፍል ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ናት። ዝምድናችን በዚሁ በኩል ነው።

መቅደላንማ አታንሱብኝ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከአምባው ያወረዱት ብራና በመቶዎች ይቆጠራል፣ ብዙው ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ይመለስ ሲባል እኔም እጮሃለሁ፣ ከልቤ። ኃላፊያችንም አንድ ስብሰባ ላይ ማይክ ይዘው «ታሪካችንን ዘርፈውን» ሲሉ ዕንባ ሊቀድማቸው ነበር፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማዳበሪያዎቹ ደጅ ያደሩት በዚያው ሳምንት ነው። ለነገሩ እኛ እንበልጣለን። እንግሊዝ ዘረፋዋን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጓታል ይባላል። እኛ አንድ የቁራሌው ጫንቃ ይበቃናል፤ ያውም እሱ ነው ከፍሎን የሚሄደው።

ከቁራሌው በኋላ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ይኼም ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላው ዓለም ስንት ዓመት አስጠብቆ ነው የመንግሥት ሰነድ የሚያስነብበው። ማታ ታክሲ ተራ ቆሎ ስገዛ መጠቅለያውን ገልብጦ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። አንዴ የአንድ መሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውሳኔ ደረሰኝ። ሰውየው ጥፋተኛ ነው ተብሏል። ቅጣቱ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር፣ እሱን ደግሞ ሌላ ደንበኛ ቆሎ በልቶበታል። እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ዘመናዊዎቹንም ላመስግን። «ዲጂታላይዝ አድርገነዋል» ይላሉ። ማለት አንድ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል፣ ጣቱም አብሮ ወጥቷል። ከዚያ ፍላሽ ላይ ተገለበጠ፣ «አዲስ ፎልደር 2» ተባለ፣ ወረቀቱ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ተብሎ ተጣለ። ፍላሹን ቫይረስ በላው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 179/1991። አትሜ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰው ቆም ብሎ ያነበዋል። አንብቦ ሲጨርስ «ሽንት ቤቱ ይኼ ነው?» ይለኛል።

ያቺን ፎቶ ይዛችሁልኛል አይደል? ዘንድሮ የምሥረታ በዓላችን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ፣ ከኃላፊው ቢሮ ተደወለ። «የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የተነሳ ፎቶ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይፈለጋል፣ ለባነር።» አለ፣ አልኩ። ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ገልበጥ አደረገችው፣ ጀርባ ነው። እንደገና ገለበጠችው፣ ጀርባ ነው።

«ፊቱስ?»

«ፊቱ ውስጥ ነው።»

ከማን ጋር ነው የተጣበቀው አለች። በዳርዳሩ ከሚታየው ክራባት የቀድሞው ኃላፊ ይመስሉኛል አልኳት። ልላጠው ብላ ጥፍሯን ስታስጠጋ ቀማኋት። ደሞዜን ቢቆርጡት ይሻለኛል።

በማግስቱ ባነሩ ተሰቀለ። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ቦታ የመሠረት ድንጋይ ነበር። ማንም አላወቀም፣ ምን ሊለይ ይችላል? አንድ እብነ በረድ፣ አንድ መጋረጃ፣ አካፋ የያዙ ባለ ሱፎች። አንድ አንጋፋ መምህር እንዲያውም ቀርበው አይተው «አዎ፣ ትዝ ይለኛል፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ» አሉ።

በዓሉ ሲያልቅ ባነሩ ወደ እኔ መጣ። «ታሪክ ስለሆነ ይቀመጥ» የሚል ትዕዛዝ ተይዞ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ማዳበሪያ ውስጥ። ተሸክመው ያመጡት የጽዳቷ እናት ናቸው። በሩ ላይ አስቀመጡት፣ ወገባቸውን ያዝ አድርገው አረፍ አሉ፣ ከዚያ አፉን ፈተው ወደ ውስጥ አጎንብሰው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ማህተም የለውም እኮ» አሉኝ።