ጆከሩ የቱ ነው?

ለበዓል ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ። ሳምንት አለፈኝ፣ ንዴቱ አልወጣልኝም። እዚሁ ልተንፍሰው።

አልጋ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ነበረኝ። ውስጡ 120 የጨዋታ ካርዶች ነበሩ። አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩና ቆጠርኳቸው። 43! ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 43።

«እማዬ፣ ካርዶቼስ?»

«የቶቹ? እነዚያ ካርታዎች? ውይ ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ክረምቱ ጉድ ነው የሠራን። ኩበቱ አልነድ ሲለኝ አንዳንድ እያልኩ...»

አንዳንድ እያለች 77 ካርድ!

እርጥብ ኩበት ማቀጣጠል ዓይን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በዚህ አልከራከርም። ግን ቁም ሳጥኑ ላይ ስንት ዓመት የቆየ ጋዜጣ ተከምሮ የለም እንዴ? ለምን እሱን አላነደድሽም ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሱማ ለመደርደሪያ ይሆናል።» እኛ ቤት ዕቃ ሁሉ በዚህ ነው የሚዳኘው። ባዶ የዘይት ጀሪካን ይሆናል። የተሰበረ ጃንጥላ ይሆናል። የኔ ካርድ ብቻ አይሆንም።

ለነገሩ እሷስ ምን ታድርግ። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ነው ያደግኩት። በ1992 ዓ.ም. አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ መጣ። ምን እንደገዛ እሱም አያውቅም። ቅናሽ ነበር አለ። ኔትራነር የሚባል የካርድ ጨዋታ ነው። ያን ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን አንዱን ካርድ አንስተው አገላበጡት።

«ጆከሩ የቱ ነው?»

ጆከር የለውም ጋሼ።

«ታዲያ ኮንከር በምን ትጫወታላችሁ?»

ኮንከር አይደለም ጋሼ።

«ኧረ ቁማር ነው በለኛ!»

በቃ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ቁማርተኛ ሆንኩ። ወሬው የንስሐ አባታችን ጆሮ ደርሶ ተመክሬያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ!

እስቲ እናንተ እንኳን ስሙኝ። ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው፣ የሒሳብ ዶክተር። በ1993 እ.ኤ.አ. ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ አውጥቶ ስንቱን ካርድ ሰብሳቢ ያደረገው እሱ ነው። ኔትራነርን በ1996 አመጣው፤ በኛ አቆጣጠር 1988 መሆኑ ነው። ማጂክ ዛሬም ይሸጣል። የኔው ተረሳ። እኔን ብትጠይቁኝ የተሻለው የኔው ነበር።

ለምን በሉኝ። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል አይደሉም። አንዱ ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ሌላው ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ሌባ። ካርዳቸውም ጀርባው ሳይቀር ይለያያል። ኩባንያው ካርዱን ደፍቶ ያስቀምጣል። ሌባው ከሥሩ ምሥጢር ይኑር ወጥመድ አያውቅም። ኩባንያው በተራው ሦስት ነገር ያደርጋል፣ ሌባው አራት። ቀድሞ 7 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ከሁሉ የምወደው ምኑን መሰላችሁ? ኩባንያው በእጁ የያዘው ካርድ ራሱ ይሰረቃል። የትም ብትደብቀው ደህና ቦታ የለም። ገና ያልሳብከው ካርድ ይዘረፋል፣ የጣልከው ይዘረፋል። ሌባውም ቢሆን አይዝናናም። ሕይወቱ በእጁ የያዘው ካርድ ነው። ከዚያ በላይ ጉዳት ካረፈበት ይሞታል። ይህን ሁሉ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ነው የተረዳሁት፤ ያውም መብራት እየጠፋ።

ተጋጣሚዬ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ጨዋታው ገንዘብ አለው፣ ቢት ይሉታል። የምንቆጥርበት ስላልነበረን ሽምብራ ቆሎ አደረግነው። ስህተታችን እሱ ነው። ኩባንያ ሲሆን ካዝናው ፊቱ ይቀመጣል፣ እያሰበ ይቆረጥማል። አንድ ቀን ተራው ደርሶ ሊከፍል ሲል እጁን ዘረጋ፣ ምንም የለም። ገንዘብ በላ ሲባል የምንሰማውን እኔ በዓይኔ አየሁት። ደግሞ አያፍርም፣ «ካፒታል ጨምርልኝ» ይላል።

አሁን በእናቴ ብቻ አልፈርድም። አሻሻጡም ያናድዳል። መጀመሪያ የወጣው 374 ዓይነት ካርድ አለው። የኔ ሳጥን 60 የኩባንያ፣ 60 የሌባ ብቻ ነው። የቀረውን ከፈለግህ የታሸገ ፓኬት ትገዛለህ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ። እስቲ አስቡት፣ ገበያ ሄዳችሁ ሻጯ «ቋጥሬዋለሁ፣ ባቄላ ይሁን ሽምብራ ቤትህ ስትደርስ ታየዋለህ» ብትላችሁ? እዚያው ነው የምትጣሏት። ፈረንጅ ግን ተሰልፎ ይገዛል። ከዚያ ቁማርተኛው እኔ!

በ2012 እ.ኤ.አ. ሌላ ኩባንያ ጨዋታውን እንደ አዲስ አወጣው። ፓኬቱም ውስጡ እየታወቀ ይሸጥ ጀመር። ስሰማ ሳቅኩ፤ በስንት ዘመኑ! እሱም በ2018 እ.ኤ.አ. ቆመ። አሁን ፍቅሩ ያለቀቃቸው ሰዎች በራሳቸው ካርድ እየሠሩ ይጫወቱታል። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚጫወቱበትን ሊንክ ላከልኝ። አንድ ማታ ገጠምን። ሦስት ተራ እንደተጫወትን ኔትዎርኩ ጠፋ። ደውዬ «አለህ?» ስለው አፉ ሞልቶ ነው የሚያወራው። ቆሎ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ወደ 43ቱ ልመለስ። ከነሱ 36ቱ የኩባንያው ናቸው፣ 7ቱ የሌባው። ሌባው ነዷል፣ ኩባንያው ተርፏል። (አስተያየት አልሰጥም።) በሰባት ካርድ ደግሞ ማንም አይጫወትም።

እንዲህ እያልኩ ስነጫነጭ ዓይኔ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ነገር አለ። ተንበርክኬ ሳብኩት። አራት ላይ የታጠፈ ካርድ! ዎል ኦፍ አይስ፣ የበረዶ ግድግዳ ማለት ነው። ሌባ የሚያስቆም ካርድ ነው፣ ስጫወት ካስቀመጥኩበት የማላነቃንቀው። ዘረጋሁት። መሐሉ አልቋል፣ ስሙ ግን ይነበባል። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። 44!

ጠረጴዛው ተንገዳገደ።

«ምን ነካህ?» አለች እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ። «መልሰው እንጂ፣ ቴሌቪዥኑ ሊወድቅ ነው።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ...»

«መልሰው አልኩህ። እሱ ይሆናል።»

አጥፌ መለስኩት።