የሜልኩ ሠዓሊና የዳጋው ሠዓሊ

ከአገር ቤት ቪየና የሚመጣ እንግዳ ሲገጥመኝ ሜልክን ሳላሳየው አልመልሰውም። ከዳኑብ ወንዝ በላይ ዐለት ላይ የተቀመጠ ገዳም ነው። የቤኔዲክት (የካቶሊክ) ማኅበር መነኮሳት የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1089 ሲሆን የዛሬው ሕንጻ ከ1702 ጀምሮ በያኮብ ፕራንድታወር ንድፍ ታነጸ። የእብነ በረድ አዳራሹን ጣሪያ ፓውል ትሮገር በ1731 ሥሎታል። ጎብኚው አንገቱን አቅንቶ ሲደነቅ አስጎብኚዋ አስቀድማ የምትነግረው የሠዓሊውን ስም ነው። በግቢው ትምህርት ቤት የሚማሩት ወደ 900 የሚጠጉ ልጆችም ይህንኑ ስም እየሰሙ ያድጋሉ።

እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። ጣና ላይ፣ በደሴት ኮረብታ አናት፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባል ገዳም አለን። ትሮገር ከመወለዱ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን እመቤታችንን ከነልጇ ሥሎ፣ የንጉሡንና የገዳሙን አበምኔት ስም ጠቅሶ፣ የራሱንም ስም በግእዝ ጽፎበታል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይተዉ አልፈዋል፤ እርሱ ግን ማንነቱን በጽሑፍ አስቀርቶልናል። እኛ ደግሞ አናነበውም። ባሕር ዳር ተወልደው፣ ከጣና ዓሣ እየበሉ አድገው፣ ፍሬ ጽዮን ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ዝም ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ፈረንጅ ሁሉን ጠባቂ ነው ማለቴ አይደለም። ሜልክ የአውሮፓ ኅትመት ጀማሪው ጉተንበርግ ያተመውን መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሸጦ፣ መጽሐፉ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የዳጋ አባቶች ግን የፍሬ ጽዮንን ሥዕል፣ የእነ ዐፄ ፋሲልንም ዐፅም፣ በደሴታቸው ይዘው እስከ ዘመናችን አድርሰዋል። ጠብቀው ላቆዩልን አክብሮቴ ትልቅ ነው። የጎደለው ከገዳሙ ውጪ ያለነው ሰዎች ድርሻ ነው።

ዳጋ ሴት አይገባበትም፤ ሥርዓቱ የአባቶች ነው፣ ይከበር። ነገር ግን ልጄ በሜልክ የትሮገርን ጣሪያ ቀና ብላ ስታይ፣ የአገሯን ሠዓሊ ሥራ የምታይበት ቦታ የት እንደሆነ አሰብኩ። ባሕር ዳር ላይ፣ ጀልባዎቹ ከሚነሡበት ዳርቻ፣ በአባቶች ፈቃድ በጥራት የተነሣ የሥዕሉ ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ ቢሰቀል፣ የግእዙ ጽሑፍም ከነአማርኛ ትርጉሙ ከሥሩ ቢጻፍ፣ ወጪው ከአንድ ሰርግ ድግስ አይበልጥም። እዚህ ያለን ሰዎች ገንዘቡን እናዋጣለን፤ ከገዳሙ ጋር ተነጋግሮ የሚያስፈጽም ሰው ብቻ ይነሣ።