ማስተካከያ፦ ከፍተኛ ነጥብ ሁሌ ጥሩ አይደለም

ፒያሳና ቸርችል ጎዳና አካባቢ ለምትሠሩ ሬዚደንት ሐኪሞች ባለፈው በተላከው ማብራሪያ፣ በሁለቱም የሥነ ልቦና መጠይቆች፣ በኤኤኪው-2 (AAQ-II) እና በኤምኤኤኤስ (MAAS)፣ ከፍተኛ ነጥብ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር። ይህ ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው።

የሥነ ልቦና ተጣጣፊነት (ከባድ ሐሳብና ስሜት እያለም የሚፈልጉትን ኑሮ መቀጠል መቻል) የሚታይበት ኤኤኪው-2 ሰባት ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሞላል፤ ድምሩ ከ7 እስከ 49 ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ተጣጣፊነቱ ይቀንሳል። ምክንያቱም የሚጠየቀው መጥፎ ትዝታና ጭንቀት ኑሮን ምን ያህል እንደሚያደናቅፍ ነው። 40 አምጥቶ የተደሰተ ካለ ትንሽ ይታገስ። ደግሞም አይደንግጥ፤ መጠይቁ ብቻውን በሽታ አይመረምርም።

ማይንድፉልነስን (አሁን ለሚሆነው ነገር በንቃት ትኩረት መስጠትን) የሚለካው ኤምኤኤኤስ 15 ጥያቄዎች አሉት፤ ከ1 እስከ 6 ይሞላል። የእሱ አማካይ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ከአዳር ተረኝነት እንደወጡ ባይሞሉት ግን ይሻላል።