ፊቱ ይበቃናል

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ቆሜ አድናቆቴን መደበቅ አቃተኝ። አጥሩ ላይ የተለጠፈው ሥዕል የአሮጌ ዱቄት ፋብሪካ የፊት ግንብ ያሳያል፤ ከግንቡ ኋላ ሃያ ፎቅ መስታወት ተገትሯል። ከሥሩ «ታሪክን ጠብቀን እንገነባለን» ይላል። የሚጠበቀው ታሪክ ውፍረቱ ቢበዛ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው።

አቤት ብልሃት! ለካ ጣሪያው፣ ወለሉና ማሽኑ ትርፍ ኖሯል። ሙሽራ ፎቶ የሚነሳው ከፊት ነው።

ዘዴው ለቤተሰብም ይሆናል። አያቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዘጠናን ተጠግተዋል፤ ጥገናቸው ውድ ነው። በአዲሱ ጥበብ ግንባራቸው፣ ሪዛቸውና የሥራ ቆባቸው ከተረፈ በቂ ነው። ከኋላቸው የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ይተከላል። ዘመድ ለበዓል ሲመጣ ጉንጫቸውን ስሞ፣ ዞር ብሎ ካርዱን ይሰካል። ምርቃት የፈለገ አንድ ቁጥርን ይጫናል፤ ሁለት ቁጥር በኦሮምኛ፣ ሦስት ቁጥር በፈረንሳይኛ ይመርቃል። ማታ ማታ ሪዛቸው ሥር አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሳላቸውስ? ሳል የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ በዕቅዱ አልተካተተም። አክስቴ «ጀርባቸውንስ ምን ልታደርጉት ነው?» ብላ ተቆጣች። መኪና ማቆሚያ ነዋ!

የድሬዳዋ ወሬያቸውም አብሮ ይጠፋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ፣ ወደ ሐረር ተራራው አላስወጣ ስላለው ከተማዋ ሐዲዱ ዳር እንደ ተወለደች ስንት ጊዜ ሰማን? ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋውን መስመር በሕይወት ያቆየው የጥገና ክፍሉ ነው፤ ከባሕር ማዶ መለዋወጫ ሲጠፋ ብረቱን ራሳቸው እየቀረጹ ባቡሩን ያስነሱት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ታሪኩ ያለው እዚያ ዘይት የጠጣ ወለል ላይ ነው፤ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ሥር ነው። የአንድን ፋብሪካ ቶርኖ በኪሎ ሸጦ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ «ቅርስ ጠበቅሁ» የሚል ሰው አያፍርም? ሠራተኛው ዕድሜውን የገበረው ለመስኮቱ ቅስት ነበር እንዴ?

ይቅርታ፣ ከምስጋናዬ ወጣሁ። አጥሩ አጠገብ የነበረውን ዘበኛ፣ ሕንጻው ሲያልቅ በዚያ በሚያምረው ትልቅ የብረት በር እንገባ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሱማ ቅርስ ነው ጋሼ፤ አይከፈትም» አለኝ። «መግቢያው በጓሮ ነው።»