እርማት፦ በሥዕል የቀረበ ሁሉ ተረት አይደለም

የተከበሩ ወንድሜ፣ እዚህ ጅማ ስለ ሞትና ሐዘን የሚተርክ የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም አይተን ስንወጣ «ካሜራ ያልቀረጸው የልጆች ተረት እንጂ ዘገባ አይባልም» ማለትዎ፣ ብዙዎች የሚጋሩት አስተያየት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ዊንሶር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ፊልም ከ1,100 በላይ ሰዎች ያለቁበትን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች የተመታውን የሉሲታኒያን የመንገደኞች መርከብ መስጠም በእጅ ሥዕል ያሳየው፣ አደጋው በደረሰበት በ1915 ቅጽበቱን የቀረጸ ካሜራ ስላልነበረ ነው (የጦርነት ቅስቀሳ እንደነበረበት ግን አልክድም)። ፎቶግራፍ ሳይተዉ ያረፉ አያቶች ላሉን ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ2021 የወጣው «ፍሊ» የተሰኘው የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም ደግሞ የአንድ አፍጋኒስታናዊ ስደተኛን ማንነት ለመሸሸግ ፊቱን በሥዕል ቢተካውም፣ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያለፈውን ሲያስታውስ የምንሰማው የራሱን ድምፅ ነው፤ ፊልሙም በ2022 ለኦስካር ሽልማት በአኒሜሽን ብቻ ሳይሆን በዘጋቢ ፊልም ዘርፍም ታጭቷል።