የሴቷ ጽናት የድርቅ መድን አይደለም

ድርቅ ወደ አንድ ቤት መግባቱ ከማሳው ይልቅ በገበታው ላይ ቀድሞ ይታወቃል። መሸት ሲል እናት ድስቱን ታወጣለች። ለአባወራው ይቀርባል፤ ለልጆቹ ይታደላል፤ የታመመ ካለ ይታሰብለታል። እርሷ ድስቱን ጠርጋ በተረፈው ትቀመጣለች፤ ካልተረፈ ደግሞ «እኔ ቀደም ብዬ ቀምሻለሁ» ብላ አንጀቷን አስራ ታድራለች። ያስገደዳት የለም። የጠየቃትም የለም። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድማ የምትነሣው እርሷ ናት።

ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማስለቀስ አይደለም። ነገሩ በሚዛን ተመዝኖ ታይቷል። በዚምባብዌ ገጠር ከ1994 እስከ 1995 የነበረውን ድርቅ ተከትሎ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ለዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው የነበሩ ቤተሰቦችን ክብደትና ቁመት አነጻጸሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሴቶቹ ክብደት ከቁመታቸው አንጻር ቀንሶ ተገኘ፤ የወንዶቹ ግን አልቀነሰም። ጉዳቱ የበረታውም ከብት በሌላቸው ድሆች ቤት ነበር። ድርቁ ሲመጣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩ ሕፃናት ደግሞ በዓመት ሊጨምሩት ከሚገባቸው ቁመት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጎደለባቸው፤ ጉድለቱም በኋላ በቅጡ አልተካካሰም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ ሴቶቹ ካጡት ክብደት አብዛኛውን መልሰዋል። ለጊዜው የሚያጽናና ይመስላል። ቆም ብለን ስናስበው ግን የገጠር ቤተሰብ ለብዙ ዘመን ድርቅን ያለፈበትን መንገድ ይነግረናል። በክፉው ዓመት ቤቱ ከሴቷ ሰውነት ይበደራል፤ በደጉ ዓመት ይከፍላታል። ውል የለውም፤ ምስክርም የለውም።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚነጥቀው እንግዲህ ያንን ደግ ዓመት ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። በ2024 ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የሚያስከትለው የአየር መዛባት) ባመጣው ድርቅ ተራ በተራ ብሔራዊ አደጋ አውጀዋል። በሁለት ክፉ ዓመታት መካከል ማገገሚያ ሲጠፋ የፊተኛው ዕዳ ሳይከፈል የኋለኛው ይደረብበታል።

በልማት ሰነዶች ውስጥ «የማይበገር» የሚለው ቃል ተዘውትሮ ይነበባል። የማይበገር ማኅበረሰብ፣ የማይበገር ግብርና፣ የማይበገሩ የገጠር ሴቶች። ፎቶግራፍም ይታከልበታል፦ ጀሪካን ያዘለች፣ አቧራ የለበሰች፣ ሆኖም ፈገግ ያለች ሴት። ይህን ውዳሴ በሰማሁ ቁጥር ይከብደኛል። ሴቲቱ ብርቱ ሳትሆን ቀርታ አይደለም። ብርታቷ ከምን እንደሚቀዳ ሳንጠይቅ ስለምናወድሳት ነው። ከምግቧ ቀንሳ፣ ከእንቅልፏ ቀንሳ፣ ዶሮዋንና ፍየሏን ሸጣ፣ ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ቤቱን ካቆመች፣ ያ ከለውጡ ጋር መላመድ ሳይሆን ጥሪትን መብላት ነው። የተበላው ጥሪት የራሷ አካልና የልጇ ዕድል በመሆኑ ብቻ በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አይሰፍርም። የሞተ ከብት ይቆጠራል፤ የደረቀ ማሳ በሄክታር ይለካል። የእርሷ ሰዓት ግን አይቆጠርም።

ስለ ሰዓቷ ካነሣን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት 1.8 ቢሊዮን ሰዎች የመጠጥ ውኃ ከግቢያቸው ውጭ እየተቀዳ በሚመጣባቸው ቤቶች ይኖራሉ። ከእነዚህ ቤቶች ከአሥሩ በሰባቱ ውኃ የመቅዳቱ ኃላፊነት የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። ቅርብ ያለው ምንጭ ሲነጥፍ መንገዱ ይረዝማል፤ ደኑ ሲመናመን ማገዶው ይርቃል። የተጨመረው ሰዓት ከየት ይመጣል? ከአረም ነቀላው፣ ከጓሮ አትክልቱ፣ ሕፃን ከመመገቢያው፣ ከዕረፍቱ። ለጓሮው ሰዓትም ውኃም ሲጠፋ ከቤቱ ገበታ ላይ ቅጠላ ቅጠሉ ይጠፋል፤ እህል ቢኖር እንኳ የምግቡ ዓይነት ይመናመናል። የምግብ ዋስትና መናጋት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጎተራው ባዶ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ እንዲህ ባለው ዝምተኛ መንገድ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። በጋምቢያ ዌስት ኪያንግ በተባለ አካባቢ 92 ነፍሰ ጡር ገበሬዎችን ማሳቸው ላይ እየሠሩ የተከታተለና በ2022 የታተመ ጥናት፣ በእናቲቱ ላይ የሚያርፈው የሙቀት ጫና በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር ፅንሱ ላይ የመጨነቅ ምልክት የመታየቱ ዕድል በ17 በመቶ እንደሚያድግ አሳይቷል። «በቀትር ዕረፊ» የሚለው ምክር መልካም ነው። ምክሩን ለመፈጸም ግን አረሙን የሚነቅልላት፣ ውኃውን የሚቀዳላት ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል። ያለዚያ ምክሩ ለእርሷ ተጨማሪ ጸጸት ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በየስብሰባው አንድ ቁጥር ይደጋገማል፦ በአየር ንብረት ለውጥ ከሚፈናቀሉት 80 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው የሚል። ምንጩን ስትከተሉት አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል እንጂ ጠንካራ ጥናት ላይ አያደርሳችሁም። ብንተወው ደስ ይለኛል። እውነቱ ራሱ በቂ ክብደት አለው፤ ያልተረጋገጠ ቁጥር ማከል ለሚጠራጠር ሰው መውጫ በር መክፈት ነው።

የተረጋገጠውን እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ24 አገሮች የሚኖሩ ከ100 ሺህ በላይ የገጠር ቤተሰቦችን መረጃ ፈትሿል። በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች በወንድ ከሚመሩት ጋር ሲነጻጸሩ በሙቀት ጫና ምክንያት በየዓመቱ 8 በመቶ፣ በጎርፍ ምክንያት ደግሞ 3 በመቶ ተጨማሪ ገቢ ያጣሉ። ይህ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሁሉ ሲደመር ከሙቀት 37 ቢሊዮን፣ ከጎርፍ 16 ቢሊዮን ዶላር በዓመት ይሆናል። የረጅም ጊዜ አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ የእማወራዋ ቤት የገቢ ኪሳራ ከአባወራው ቤት በ34 በመቶ ይበልጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ግዙፍ ቢሆኑም የሚነግሩን ስለ እማወራዎች ነው። ባል ያላት ሴት የምታጣው በቤተሰቡ አማካይ ገቢ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። መጠይቁ ሲሞላ «የቤቱ ገቢ ስንት ነው?» ይባላል፤ መልሱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። አንድ ቤት አንድ ኪስ፣ አንድ ሆድ እንዳለው ተቆጥሮ ይታለፋል። የመግቢያው ገበታ እንደሚያሳየው ግን አንድ ቤት አንድ ሆድ የለውም።

በዛንዚባር ዳርቻዎች የሆነውን ብነግራችሁ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እዚያ የባሕር አረም ለገበያ መልማት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የተሰማሩበት ሲሆን ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ባሕሩ ሸሸት ሲል ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ይገባሉ። በአሸዋው ላይ አጫጭር እንጨቶች ይተክላሉ፤ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱ ላይ የአረሙን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ በክር ያስራሉ። ከሳምንታት በኋላ ለቅመው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ይሸጡታል። ምርቱ ወደ ውጭ ተልኮ ለምግብና ለመዋቢያ ምርቶች ማወፈሪያ ይሆናል። ለብዙዎቹ የራሳቸው የሚሉት ገንዘብ ወደ እጃቸው የገባው በዚህ ሥራ ነው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለቤት ጣራ ተርፏል።

ከዚያ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይሞቅ ጀመር። የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ፣ ኮቶኒ የሚሉት፣ ቅርንጫፉ ይነጣል፤ ይሟሽሻል፤ ከገመዱ ተቆርጦ ይወድቃል። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ የሚገኘው ባዶ ገመድ ነው። ቁንጥሩ ሁሉ በእጅ የታሰረ ነበር። ሙቀቱን የሚችለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ዋጋው ዝቅተኛ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውኃው ቀዝቀዝ ወዳለበት ወደ ጥልቁ መግባት። በሳይንሱ ረገድ አንድም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጥልቁ ጀልባ ይፈልጋል፤ ጀልባው የወንዶቹ ነው። ዋና ይፈልጋል፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ መዋኘት አያውቁም። ታንዛኒያዊቷ የባሕር ሳይንቲስት ዶክተር ፍላወር ምሱያ ይህን አይተው ከሴቶቹ ጋር በጥልቅ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቱቦ መሰል መረብ ያለው የአስተራረስ ዘዴ ሞክረዋል፤ አረሙን ወደ ሳሙናና ወደ ሌላ የተሻለ ዋጋ ወዳለው ምርት የመለወጥ ሥልጠናም ሰጥተዋል። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። የሚያሳየው ደግሞ ይህን ነው፦ ሴቶቹ የጎደላቸው ዕውቀት ወይም ትጋት ሳይሆን ጀልባና ዋና ነው። «ተላመዱ» ከማለት በፊት መላመጃው በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

በእርሻውም ያው ነው። ድርቅ የሚቋቋም ዘር፣ እርከን፣ የመስኖ ፓምፕ፣ ሁሉም መሬትንና ብድርን ይጠይቃሉ። መሬቱ በስሟ ያልሆነ ሴት ማስያዣ የላትም። ነገ ባል ቢሞት ወይም ቢፈታት ከምትነቀልበት ማሳ ላይ ዛፍ ለመትከል፣ እርከን ለመሥራት ልቧ እንዴት ይነሣሣል? ይህ ሊለወጥ የማይችል ዕጣ አይደለም። ኢትዮጵያ ባለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት የሰጠችው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስም በጋራ፣ በአንዳንድ ክልሎችም የሁለቱንም ፎቶግራፍ የያዘ ነው፤ በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት ደብተሩን ያገኙ ቤተሰቦች በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ ይበልጥ መሥራታቸውን አሳይቷል። በሕንድ ኢላ ባት በ1972 የመሠረቱት የሴት ሠራተኞች ማኅበር፣ ሴዋ፣ አባላቱን ለሙቀት መድን አስገብቷል። በ2024 ሙቀቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ከ46 ሺህ በላይ ሴቶች ገንዘብ ደርሷቸዋል። መጠኑ ለአንዷ በጣት የሚቆጠር ዶላር ብቻ ነው፤ ጥቂት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ማንንም ሳትለምን፣ ፍየሏንም ሳትሸጥ፣ በስሟ የመጣላት ነው።

ዓለም አቀፉ ገንዘብ ግን ወደዚህ አቅጣጫ ሲፈስ አይታይም። በ2017 እና 2018 ለአየር ንብረት ከዋለው ገንዘብ አነስተኛ ይዞታ ላላቸው አምራቾች የደረሰው 1.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የሴቷን ድርሻ መገመት አይከብድም። ያው የፋኦ ሪፖርት የ24 አገሮችን የአየር ንብረት ዕቅዶች አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ ከተዘረዘሩት 4,164 እርምጃዎች ውስጥ ሴቶችን የጠቀሱት 6 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2026ን ዓለም አቀፍ የሴት ገበሬ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። በዓመቱ ብዙ መድረክ ይዘጋጃል፤ ብዙ ሽልማትም ይሰጣል። እኔ በዚህ ዓመት ማየት የምፈልገው ከዚያ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። የድርቅ እርዳታም ሆነ የመድን ክፍያ በቤተሰብ ኃላፊ ስም ብቻ ሳይሆን በሚስትም ስም ይመዝገብ። የውኃ ነጥብ ሲተከል የሚቆጠረው የፓምፑ ቁጥር ሳይሆን ለሴቷ የተረፈላት ሰዓት ይሁን። ድርቅ ያደረሰውን ጉዳት የሚያጠና ቡድን በየቤቱ ሲገባ ከከብቱና ከሄክታሩ ጋር የእርሷን ገበታ ይመዝግብ። ለዚህ መለኪያ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን ማግኘታቸውን ይጠይቃል። ጥያቄው ለአባወራው አይቀርብም። መጠየቂያውን የያዘው ሰው ከእርሷ ፊት ተቀምጦ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ተመገቡ?» ይላል፤ መልሷንም እስክትጨርስ ይጽፋል።